ሦስተኛው ሼል 18 ኤሌክትሮን የሚይዝ ከሆነ፣ ፖታሲየም ለምን በ8 ይቆማል?

ጥያቄ፦ «ልጄ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሼሎች፣ ማለትም በአቶም መሐል ባለው ኒውክለስ ዙሪያ ኤሌክትሮኖች የሚደረደሩባቸው እርከኖች፣ የሚይዙት የኤሌክትሮን ብዛት 2፣ 8፣ 18፣ 32 እያለ እንደሚሄድ ተማረች። ገጹን ስትገልጥ ግን ፖታሲየም 2፣ 8፣ 8፣ 1 ተብሎ ተጽፎ አገኘች። ሦስተኛው ሼል 18 መያዝ ከቻለ ለምን 2፣ 8፣ 9 አልሆነም ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁላት። መምህሯ የመጨረሻው ሼል ከ8 በላይ እንደማይይዝ ነግሯታል። ለምን ስትለው ደግሞ ሕግ ነው አላት። እኔም ገብቶኝ ላስረዳት እፈልጋለሁ። ፈተና ላይስ ምን ትጻፍ?»

መልስ፦

ልጅዎ ያነሳችው ጥያቄ እውነተኛ የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው። ተከታትለው የተጻፉ ሁለት ነገሮች እርስ በርስ እንደማይስማሙ የሚያስተውል ተማሪ በቃሉ የሚይዝ ሳይሆን እያሰበ የሚያነብ ነው። ስለዚህ ጥያቄዋ «ሕግ ነው» ተብሎ መዘጋት የለበትም። መምህሯን ግን አልወቅስም። ይህ ነገር በደንብ የሚብራራው 11ኛ ክፍል ላይ፣ የኳንተም ቁጥርና ኦርቢታል ሲመጡ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ፣ በተጨናነቀ ክፍል፣ ያን ሁሉ ከሥሩ ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ እዚህ ቦታና ጊዜ ስላለኝ ከሥሩ እጀምራለሁ።

በመጀመሪያ አጭሩን መልስ ይያዙ። 18 የሚለው ቁጥር ሦስተኛው ሼል ቢበዛ ስንት ኤሌክትሮን እንደሚይዝ ይናገራል። ኤሌክትሮኖች በምን ቅደም ተከተል እንደሚገቡ ግን አይናገርም። «ስንት ይይዛል?» እና «መቼ ይሞላል?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግራ መጋባቱ የመጣው መጽሐፉ ለመጀመሪያው መልስ ሰጥቶ ሁለተኛውን ሳያነሳ በማለፉ ነው።

ሦስተኛው ሼል አንድ ወጥ ክፍል አይደለም። በውስጡ ሦስት ንዑስ ሼሎች አሉት፤ 3ኤስ 2 ኤሌክትሮን፣ 3ፒ 6፣ 3ዲ ደግሞ 10 ይይዛሉ። ድምሩ 18 ነው። ፖታሲየም ላይ ስንደርስ 3ኤስ እና 3ፒ ሞልተዋል፤ መጽሐፉ ላይ ያለው 8 የእነዚህ ድምር ነው። 3ዲ ባዶ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ኤሌክትሮን ወደ ባዶው 3ዲ ወይም የአራተኛው ሼል ክፍል ወደሆነው 4ኤስ ሊገባ ይችል ነበር። የገባው 4ኤስ ውስጥ ነው፤ በፖታሲየም አቶም ውስጥ ከሁለቱ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ቦታ እሱ ነውና። ኤሌክትሮን ደግሞ የሚረጋው ዝቅተኛ ኃይል ባለው ክፍት ቦታ ነው።

ይህን ሲነግሯት ልጅዎ «እንዴት ታወቀ?» እንደምትል እገምታለሁ። ልትጠይቅም ይገባታል። 2፣ 8፣ 8፣ 1 የሚለው አጻጻፍ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች ፖታሲየምን በእጃቸው ይዘው፣ አቃጥለው፣ ለክተው የደረሱበት ነው።

ፖታሲየም በብረትነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ የቀለጠ ካስቲክ ፖታሽ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት አሳልፎ ለየው። በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ፣ በ63.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ፣ ውሃ ላይ ሲጣል እየተንሳፈፈ በሐምራዊ ነበልባል የሚነድ ብረት ነው። ዴቪ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሶዲየምንም በተመሳሳይ መንገድ አገኘ። የሁለቱ መመሳሰል ለማንም ግልጽ ነበር። በ1829 ጀርመናዊው ዮሐን ዶበራይነር ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየምን በአንድ ላይ አሰልፎ የአቶም ክብደታቸውን ተመለከተ፤ 7፣ 23፣ 39። የመሐከለኛው የሁለቱ ጫፎች አማካይ ነው፤ 7 እና 39 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 23 ይሆናሉ። በ1869 ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ (ፔሪዮዲክ ቴብል) ሲያወጣ እነዚህን ብረቶች በአንድ ቤተሰብ አስቀመጣቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ዓመቶቹን ያስተውሉ። ኤሌክትሮን የተገኘው በ1897 ነው። ሜንዴሌቭ ስለ ኤሌክትሮን ምንም ሳያውቅ ፖታሲየምን ከሶዲየም ጋር አሰለፈ። ብዙ ተማሪዎች ሠንጠረዡ ከኤሌክትሮን አደላደል የተሠራ ይመስላቸዋል። ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የንጥረ ነገሮቹ ጠባይ ታወቀ፣ የኤሌክትሮን አደላደሉ ያንን ጠባይ ለማስረዳት በኋላ መጣ። ፖታሲየም 2፣ 8፣ 9 ቢሆን ኖሮ የሶዲየምን ጠባይ ለምን እንደሚጋራ ማስረዳት አንችልም ነበር። ሶዲየም 2፣ 8፣ 1 ነው፤ ፖታሲየም 2፣ 8፣ 8፣ 1። ሁለቱም በዳር ላይ አንድ ብቸኛ፣ በቀላሉ የሚለቅ ኤሌክትሮን አላቸው። ፖታሲየም በተፈጥሮ በብረትነቱ የማይገኘውም ለዚህ ነው። በአገራችን በደናክል ረባዳ፣ ዳሎል አካባቢ ከመሬት በታች ብዙ የፖታሽ ክምችት አለ፤ እዚያ ያለው ፖታሲየም ሁሉ ያን አንድ ኤሌክትሮን አስቀድሞ ለክሎሪን የሰጠ፣ ጨው የሆነ ፖታሲየም ነው።

አሁን ወደ ልኬት እንምጣ። ከአንድ አቶም ላይ አንድ ኤሌክትሮን ለመንቀል ስንት ኃይል እንደሚጠይቅ መለካት ይቻላል። ለሊቲየም 520፣ ለሶዲየም 496፣ ለፖታሲየም 419 ኪሎጁል በሞል ነው፤ ቀስ እያለ የሚወርድ የአንድ ቤተሰብ ደረጃ። ከፖታሲየም ሁለተኛውን ኤሌክትሮን ለመንቀል ስንሞክር ግን ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወደ 3052 ይዘላል፤ ከሰባት እጥፍ በላይ። ቀጥሎ ያለውን ካልሲየም ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው 590፣ ሁለተኛው 1145፣ ሦስተኛው 4912። ዝላዩ የመጣው ከሁለተኛው በኋላ ነው። ስለዚህ ፖታሲየም አንድ፣ ካልሲየም ሁለት ላላ ብለው የተያዙ ኤሌክትሮኖች አሏቸው፤ ከእነሱ በስተውስጥ ያለው ጥብቅ ግንብ ነው። ያ ግንብ የአርጎን አደላደል፣ 2፣ 8፣ 8 ነው።

ይህ ማስረጃ ጠንካራ ቢሆንም ጉዳዩን አይጨርሰውም። የፖታሲየም አንድ ኤሌክትሮን ላላ ብሎ መያዙን ያሳያል እንጂ ያ ኤሌክትሮን 4ኤስ ላይ ይሁን 3ዲ ላይ በራሱ አይናገርም። ቁርጡን የሚነግረን ብርሃን ነው። ፖታሲየም ሲነድ የሚሰጠው ብርሃን በፕሪዝም ሲበተን በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብቻ መስመሮች ይታያሉ፤ በቀዩ ጫፍ 766 እና 770 ናኖሜትር፣ በሐምራዊው ጫፍ ደግሞ 404 ናኖሜትር አካባቢ። እያንዳንዱ መስመር ኤሌክትሮኑ ከአንድ ከፍ ያለ ቦታ ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ የለቀቀው የኃይል ልዩነት ነው። እነዚህን መስመሮች በመደመርና በመቀነስ የእያንዳንዱን ቦታ ኃይል ማወቅ ይቻላል። ውጤቱ ይህ ነው፤ 4ኤስ ላይ ያለውን ኤሌክትሮን ከአቶሙ ለማስወጣት 4.34 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ የሚሠራበት ትንሽ የኃይል መለኪያ) ያስፈልጋል፤ 3ዲ ላይ ቢሆን ግን 1.67 ብቻ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ እንዳለችው ኤሌክትሮኑን በኃይል ገፍተን 3ዲ ላይ ብናስቀምጠው አይቆይም። በመጀመሪያ ወደ 4ፒ፣ ከዚያ ወደ 4ኤስ ይወርዳል፤ ልዩነቱን በብርሃን መልክ ይለቃል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። እንዲያውም በፖታሲየም ውስጥ 4ፒ ብቻ ሳይሆን 5ኤስ እንኳ ከ3ዲ በጥቂቱ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ዋናው «ለምን?» ቀርቷል። የአራተኛው ሼል ቦታ ከሦስተኛው ሼል ቦታ እንዴት ዝቅ ሊል ይችላል?

ልጅዎ «ሦስተኛው ሳይሞላ ወደ አራተኛው ለምን ይኬዳል?» ስትል የጠበቀችው ነገር በአንድ አቶም ላይ ፍጹም ትክክል ነው፤ በሃይድሮጅን። ሃይድሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው የሚገፋው ሌላ ኤሌክትሮን የለም። በእሱ ውስጥ 3ኤስ፣ 3ፒ እና 3ዲ እኩል ኃይል አላቸው ማለት ይቻላል፤ ከሦስተኛው ሼል ለማምለጥ 1.51 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከአራተኛው 0.85 ይበቃል። እዚያ ሦስተኛው ሁልጊዜ ከአራተኛው ይልቅ ኤሌክትሮኑን አጥብቆ ይይዛል። ኒልስ ቦር በ1913 ያቀረበው፣ በሁሉም መጽሐፍ ላይ በክብ በክብ ተስሎ የምናየው የአቶም ሥዕልም በትክክል የሠራው ለሃይድሮጅን ነው። ችግሩ ያንኑ ሥዕል ለ19 ኤሌክትሮን ስንጠቀም ይጀምራል።

በፖታሲየም ኒውክለስ ውስጥ 19 ፕሮቶኖች አሉ። 18 ኤሌክትሮኖች በውስጥ ተሰባስበዋል፤ እነሱ አሥራ ዘጠነኛውን ከኒውክለሱ ይጋርዱታል። ግርዶሹ ፍጹም ቢሆን ኖሮ፣ አሥራ ዘጠነኛው ኤሌክትሮን የሚሰማው 19 ሲቀነስ 18፣ ማለትም የአንድ ፕሮቶን ስበት ብቻ ይሆን ነበር፤ ልክ እንደ ሃይድሮጅን። ከላይ የሰጠኋቸውን የተለኩ ቁጥሮች አሁን መልሰው ያስተያዩ። 3ዲ በፖታሲየም 1.67፣ በሃይድሮጅን 1.51፤ እኩል ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። ይህም 3ዲ ላይ የሚቀመጥ ኤሌክትሮን በእርግጥ የተጋረደ መሆኑን ያሳያል። 4ኤስ ግን በሃይድሮጅን 0.85 የነበረው በፖታሲየም 4.34 ሆኗል፤ አምስት እጥፍ። 4ኤስ ከግርዶሹ አምልጧል ማለት ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ለእኔ ከማንኛውም ሥዕል በላይ ያስረዳል። የጥያቄው መልስ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

እንዴት አመለጠ? በጥምቀት ቀን ታቦቱን የሚያጅበውን ሕዝብ ያስቡ። አንዱ ሰው ከሕዝቡ ዳር ብቻ ይቆማል፤ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ከእሱም ርቆ ይቆማል፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ሕዝቡን ሰንጥቆ እስከ ካህናቱ ድረስ ይገባል። በአማካይ የራቀው ሁለተኛው ቢሆንም ታቦቱን በቅርብ ያየው እሱ ነው። 4ኤስ እንደ ሁለተኛው ሰው ነው። የኤስ ኤሌክትሮን በኒውክለሱ ዙሪያ የሚያሽከረክረው የመዞር እንቅስቃሴ የለውም፤ ስለዚህ በኒውክለሱ አቅራቢያ እንኳ የመገኘት ዕድል አለው። እዚያ በሚገኝበት ጊዜ 18ቱ ኤሌክትሮኖች ከኋላው ይቀራሉ፤ የ19ኙ ፕሮቶኖች ስበት ከሞላ ጎደል ራቁቱን ያገኘዋል። የዲ ኤሌክትሮን ግን ትልቅ የመዞር እንቅስቃሴ ስላለው ወደ መሐሉ እንዳይቀርብ ይከለከላል፤ ሁልጊዜ ከዳር ነው። በእርግጥ ኤሌክትሮን እንደ ሰው በእግሩ እየሄደ አይገባም አይወጣም፤ ትክክለኛው አነጋገር በየቦታው የመገኘት ዕድል አለው የሚለው ነው። ግን ለ9ኛ ክፍል ይህን ያህል ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ «የመጨረሻው ሼል ከ8 በላይ አይይዝም» የሚለው የመምህሯ ቃል ከየት እንደመጣ ማየት ቀላል ነው። ከሦስተኛው ሼል ጀምሮ በየትኛውም ሼል ኤስ እና ፒ ሲሞሉ 2 እና 6፣ 8 ይሆናል። ቀጥሎ የሚጠበቀው የዚያው ሼል ዲ ነበር፤ ነገር ግን አሁን ባየነው ምክንያት የሚቀጥለው ሼል ኤስ ይቀድመዋል። የሚቀጥለው ሼል አንድ ኤሌክትሮን እንኳ ካገኘ ደግሞ የበፊቱ የመጨረሻ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ፓላዲየም ከሚባለው አንድ ንጥረ ነገር በስተቀር የመጨረሻ ሼል ሆኖ ከ8 ያለፈ አይገኝም። አባባሉ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ነገር ግን ውጤት ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። 8 ቁጥር ኤሌክትሮንን የሚያስቆምበት የራሱ ኃይል የለውም።

18 የሚለውም ውሸት አልነበረም። ሦስተኛው ሼል 18ቱን ያገኛል፤ የሚያገኘው ግን ዘግይቶ ነው። ፖታሲየም 19፣ ካልሲየም 20 ሲሆኑ 4ኤስ በሁለት ኤሌክትሮን ይሞላል። ከዚያ በ21ኛው ንጥረ ነገር፣ በስካንዲየም፣ ኤሌክትሮን ወደ 3ዲ መግባት ይጀምራል፤ አደላደሉ 2፣ 8፣ 9፣ 2 ነው። ልጅዎ የፈለገችው 9 ይኸውላት! በመዳብ፣ በ29፣ ሦስተኛው ሼል ሙሉ ይሆናል፤ 2፣ 8፣ 18፣ 1። ዚንክ 2፣ 8፣ 18፣ 2 ነው። ከስካንዲየም እስከ ዚንክ ያሉት አሥር ንጥረ ነገሮች፣ ብረት (አይረን) እና መዳብ ጭምር፣ በሠንጠረዡ መሐል ላይ ተለይተው የተቀመጡት ለዚህ ነው። አሥር የሆኑትም 3ዲ አሥር ስለሚይዝ ነው።

ሠንጠረዡ በግድግዳ ላይ ካላችሁ ከልጅዎ ጋር ቁሙና ረድፎቹን ቁጠሩ። 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32፤ ድምሩ 118 ነው። ሼሎች የሚይዙት 2፣ 8፣ 18፣ 32 ሲሆን የረድፎቹ ርዝመት ግን ከመጀመሪያው በስተቀር እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይደገማል። የድግግሞሹ ምክንያት የዲ እና ከአራተኛው ሼል ጀምሮ የሚመጣው የኤፍ ንዑስ ሼል መዘግየት ነው። አራተኛው ረድፍ 18 የሆነው አራተኛው ሼል 18 ስለተቀበለ አይደለም፤ 2 ከ4ኤስ፣ 10 ከ3ዲ፣ 6 ከ4ፒ ተደምረው ነው። በረድፉ መጨረሻ ያለው ክሪፕቶን 2፣ 8፣ 18፣ 8 ነው። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች እንኳ የረድፍ ርዝመትንና የሼል አቅምን ያምታታሉ፤ የቁጥሮቹ መመሳሰል ያታልላል።

የሼል አቅሞች ራሳቸው ከየት መጡ ካለች፣ መንገዱ አጭር ነው። ንዑስ ሼሎች ኦርቢታል በሚባሉ የኤሌክትሮን ቦታዎች ይከፈላሉ፤ አንድ ኤስ ኦርቢታል፣ ሦስት ፒ፣ አምስት ዲ፣ ሰባት ኤፍ አሉ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 ባወጣው መርህ መሠረት በአንድ ኦርቢታል ውስጥ ተቃራኒ ስፒን (ሽክርክሪት መሰል የኤሌክትሮን ባሕርይ) ያላቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች ብቻ ይገባሉ። ለሦስተኛው ሼል 1፣ 3 እና 5 ተደምረው 9 ይሆናሉ፤ በሁለት ሲባዛ 18። መጽሐፉ ላይ ያለው «የሼሉ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሁለት» የሚለው ቀመር ይህንኑ በአጭሩ ይለዋል።

11ኛ ክፍል ስትደርስ ደግሞ ቅደም ተከተሉን የሚያስታውስ ቀላል ዘዴ ታገኛለች። ለኤስ 0፣ ለፒ 1፣ ለዲ 2፣ ለኤፍ 3 ይሰጥና ከሼሉ ቁጥር ጋር ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰው ይቀድማል፤ ድምሩ እኩል ከሆነ የሼል ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። 4ኤስ 4 ነው፣ 3ዲ 5፣ 4ፒም 5። ስለዚህ 4ኤስ፣ 3ዲ፣ 4ፒ። በብዙ መጻሕፍት የማዴሉንግ ደንብ ይባላል፤ በቀድሞው ሶቪየት ኅብረት የተማሩ መምህራኖቻችን ክሌችኮቭስኪ በሚል ስም ያውቁታል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ማስታወሻ እንጂ ምክንያት አይደለም። ከደንቡ የሚያፈነግጡ ወደ ሃያ የሚጠጉ ንጥረ ነገሮችም አሉ። መዳብን አይተናል፤ በደንቡ 2፣ 8፣ 17፣ 2 መሆን ሲገባው 2፣ 8፣ 18፣ 1 ሆኗል። ክሮሚየምም 2፣ 8፣ 13፣ 1 ነው።

ፖታሲየም ላይ ሳለን፣ ልጅዎ ቀጥላ ልትጠይቅ የምትችለውን አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሳ፤ እኔ ራሴ በጣም የምወደው የዚህ ርዕስ ክፍል ነው። በሠንጠረዡ ላይ የአቶም ክብደቶችን ካየች አርጎን 39.95፣ ፖታሲየም 39.10 ሆኖ ታገኘዋለች። ከባዱ ቀድሞ ቀላሉ ተከተለ። ሠንጠረዡ በክብደት የተደረደረ ቢሆን ፖታሲየም ከአርጎን በፊት ገብቶ ከጋዞች ጋር ሊሰለፍ ነበር። ነገሩን ግልጽ ያደረገው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1913 ንጥረ ነገሮች የሚሰጡትን ኤክስሬይ ለክቶ፣ ቦታቸውን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን የኒውክለሱ ቻርጅ፣ ማለትም የፕሮቶኖች ብዛት መሆኑን አሳየ። ፖታሲየም 19 ፕሮቶን አለው፤ ኤሌክትሮኖቹም 19 የሆኑት ለዚያ ነው። ሞዝሊ በ1915፣ በ27 ዓመቱ፣ በጋሊፖሊ ጦርነት ሞተ። ሳይንስ ካጣቻቸው ወጣቶች ሁሉ የእሱ ሞት እጅግ ያሳዝነኛል።

አርጎን ለምን ከፖታሲየም ከበደ? የምንተነፍሰው አየር 0.93 በመቶ አርጎን ነው፤ ከዚህም ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው አርጎን 40 የተባለው ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ የመጣው ከራሱ ከፖታሲየም ነው። ፖታሲየም 40 የሚባለው ጥቂት የፖታሲየም ክፍል ራዲዮአክቲቭ ነው፤ በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ይለወጣል፤ አብዛኛው ካልሲየም ይሆናል፣ ወደ 11 በመቶ የሚጠጋው ግን አርጎን 40 ይሆናል። አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት የታወቀው በዚሁ ለውጥ ላይ በተመሠረተ ዘዴ ነው፤ የተለካው አጥንቷ ሳይሆን አብሮ የተደራረበው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ናቸው። ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት ደግሞ ከጥያቄዎ ጋር ይገናኛል። አርጎን 2፣ 8፣ 8 ስለሆነ ከማንም ጋር አይተሳሰርም፤ ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ በውስጡ የነበረው አርጎን በንኖ ይወጣል፣ ሰዓቱም ከዜሮ ይጀምራል። ፖታሲየም ግን አንድ ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ሆኖ በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ድንጋዩ ከበረደ በኋላ የሚፈጠረው አዲስ አርጎን ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ይለካል።

ወደ ፈተናው ልምጣ። 9ኛ ክፍል ላይ ፖታሲየም 2፣ 8፣ 8፣ 1፣ ካልሲየም 2፣ 8፣ 8፣ 2 ተብለው ይጻፋሉ። ምክንያት ከተጠየቀች «በፖታሲየም ውስጥ 4ኤስ ከ3ዲ ያነሰ ኃይል ስላለው ቀድሞ ይሞላል» ብትል መልሷ ሙሉ ነው፤ «የመጨረሻው ሼል ከ8 አይበልጥም» ማለትም በዚያ ደረጃ ተቀባይነት አለው። ብረት፣ 26፣ ከመጣ 2፣ 8፣ 14፣ 2 ትጻፍ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ከአሁኑ ትያዝ፤ በኋላ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ነውና። 4ኤስ ቀድሞ ስለሞላ 3ዲ መጨረሻ የገባ ይመስላል፤ ስለዚህ ብረት ኤሌክትሮን ሲያጣ ከ3ዲ የሚያጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። 4ኤስ ከ3ዲ የሚያንሰው በፖታሲየምና በካልሲየም ነው። ከስካንዲየም ጀምሮ የኒውክለሱ ቻርጅ እየጨመረ ሲሄድ 3ዲ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ኃይሉም ከ4ኤስ በታች ይወርዳል። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ኤሌክትሮኖች 4ኤስ ላይ የሚቀሩት 3ዲ ጠባብ ስለሆነና እዚያ የሚጨመር ኤሌክትሮን ከሌሎቹ ጋር ክፉኛ ስለሚገፋፋ ነው። አቶሙ ኤሌክትሮን ሲያጣ ግን በቅድሚያ የሚሄዱት በስተውጭ ያሉት የ4ኤስ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ የብረት አዮን 2፣ 8፣ 14 ነው፤ ሦስት ያጣው፣ ዝገት ውስጥ ያለው፣ 2፣ 8፣ 13። «2፣ 8፣ 12፣ 2» ብላ ከጻፈች ትሰርዘው።